የማልኮም ኤክስ ግድያና በመዝገብ ቤት የተቀበረው ማስረጃ



በዛሬው የታሪክ አምዳችን የምናነሳው ስለ አንድ ግድያ ነው። ሟቹን የማያውቅ ሙስሊም ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ስሙ አል-ሐጅ ማሊክ አል-ሸባዝ ነው፤ ዓለም ማልኮም ኤክስ እያለ ይጠራዋል። ከወህኒ ቤት ወጥቶ ለጥቁር አሜሪካውያን አንደበት መሆኑ፣ ኔሽን ኦፍ ኢስላም ከሚባለው ድርጅት መለየቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ሐጅ አድርጎ ነጩና ጥቁሩ በአንድ ሰፍ ሲሰግዱ ካየ በኋላ አመለካከቱ መለወጡ በየመጽሐፉ ተጽፏል። ብዙዎቹ መጻሕፍት ግን ግድያው ላይ ሲደርሱ ሦስት ሰዎች ተይዘው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው ብለው ምዕራፉን ይዘጋሉ። እኛ ዛሬ የምንጀምረው እነርሱ ካቆሙበት ነው። ምክንያቱም ከሦስቱ ሁለቱ ገዳዮች አልነበሩም!

ማልኮም በ1964 መገባደጃ በአፍሪካ ባደረገው ጉዞ ወደ እኛም አገር መጥቶ አዲስ አበባን ጎብኝቶ ነበር። ወደ ኒው ዮርክ ሲመለስ የጠበቀው ግን ዛቻ ነው። ፌብሩወሪ 14 ቀን 1965 ሌሊት እርሱ፣ ባለቤቱና ልጆቹ በተኙበት ቤታቸው ላይ ተቀጣጣይ ቦምብ ተወረወረ። ቤተሰቡ በአላህ ጥበቃ ተረፈ። ሳምንት ግን አልቆየም።

እሑድ ፌብሩወሪ 21 ቀን 1965 በኒው ዮርክ ማንሃተን ኦዱቦን በተባለው አዳራሽ ወደ አራት መቶ የሚጠጋ ሰው ተሰብስቧል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በዚያን ዕለት በሩ ላይ ፍተሻ አልነበረም። ፍተሻው እንዲቀር ያዘዘው ራሱ ማልኮም ነው፤ ሕዝቡ ሲፈተሽ ስሜቱ ይጎዳል የሚል አቋም ነበረው። ፖሊስም በበኩሉ ጥበቃ አቅርበንለት አልፈለገም ብሏል። አብዛኞቹ ፖሊሶች ከአዳራሹ ርቀው መንገድ ተሻግረው ነበር የቆሙት። እናም መሣሪያ የያዘ ሰው ማንም ሳይነካው ገብቶ ወንበር ይዞ መቀመጥ ቻለ።

ማልኮም ለተሰብሳቢው ሰላምታ ሰጥቶ ገና ንግግሩን ሳይጀምር ከወንበሮቹ መካከል አንዱ ኪሴ ተገባ ብሎ ጮኸ። ጠባቂዎቹ ወደ ግርግሩ ሲያቀኑ አፈሙዙ የተቆረጠ የአደን ጠመንጃ የያዘ ሰው ወደ መድረኩ ሮጦ ተኮሰ፤ ሽጉጥ የያዙ ሁለት ሰዎችም ተከተሉት። በሬሳ ምርመራው በሰውነቱ ላይ 21 የጥይት ቁስሎች ተቆጥረዋል። ባለቤቱ ቤቲ ሻባዝ ከአራት ሴቶች ልጆቿ ጋር እዚያው ነበረች፤ መንታ ፀንሳም ነበር። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ከገዳዮቹ አንዱ ታልማጅ ሄየር ሲሸሽ እግሩን ተመትቶ በር ላይ በሕዝቡ እጅ ወደቀ። ፖሊስ ሲፈትሸው ጥይት ያለበት የሽጉጥ ካዝና ከኪሱ ወጣ። በአዳራሹ ውስጥ የተገኘው በእጅ የተሠራ የጭስ ቦምብ ሲመረመር ደግሞ የእርሱ የጣት አሻራ ተገኘበት። ጠመንጃውም በኮት ተጠቅልሎ ተገኘ። በሄየር ላይ የነበረው ማስረጃ እንግዲህ በእጅ የሚዳሰስ ነበር።

ስለ አዳራሹ ፍተሻ ግን ምን እንበል? በአሜሪካ ትልቁ ከተማ፣ በመላው ዓለም የሚታወቅ ሰው ከሰዓት በኋላ ተገደለ፤ ለዚያው ምሽት የዳንስ ድግስ ተይዞ ስለነበር ወለሉ ተጠራርጎ፣ ደሙ ታጥቦ ድግሱ ተካሄደ! ከሽጉጦቹ አንዱን ደግሞ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ አንስቶ ያስረከበው ለከተማው ፖሊስ ሳይሆን ለፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ለኤፍ ቢ አይ ነበር። ሰውየው እንዲህ ያደረገው ምናልባት በከተማው ፖሊስ ላይ እምነት ስላልነበረው ሊሆን ይችላል።

ከአምስት ቀን በኋላ ፖሊስ ኖርማን በትለር የተባለውን የ26 ዓመት ወጣት ያዘ። ከዚያ ቀጥሎ በማርች 3 ቶማስ ጆንሰን ተያዘ። ሁለቱም የኔሽን ኦፍ ኢስላም አባላት ነበሩ። በኋላ የታወቁት ሙሐመድ ዐዚዝና ኸሊል ኢስላም በሚሉት ስሞች ስለሆነ እኛም በእነዚህ እንጠራቸዋለን። ፖሊስ ለምን ወደ እነርሱ ሄደ? በጃንዋሪ ወር ከድርጅቱ የወጣ አንድ ሰው በጥይት ቆስሎ፣ በዚያ ጉዳይ ተከሰው በዋስ የተለቀቁ ስለነበሩ ነው። ስማቸው በፖሊስ መዝገብ ላይ አስቀድሞ ሰፍሯል። አዲስ ተጠርጣሪ ከመፈለግ መዝገብ መግለጥ ይቀላል።

ሙሐመድ ዐዚዝ በዚያን ዕለት ጠዋት እግሩን ታሞ ሆስፒታል ታክሟል፤ ያከመው ሐኪም ራሱ ችሎት ቀርቦ መስክሯል። ከዚያ ቤቱ ተመልሶ እግሩን ሰቅሎ እንደተቀመጠ የግድያውን ዜና በሬዲዮ ሰማ። ኸሊል ኢስላምም በመገጣጠሚያ ሕመም ቤቱ ነበር። ሌላም አለ። ሁለቱ በሃርለም መስጂድ የታወቁ ሰዎች ነበሩ፤ ኸሊል እንዲያውም ቀደም ሲል የማልኮም ሾፌር ነበር። ማልኮምን ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች ሁለቱን በመልክ ያውቋቸዋል፤ ከድርጅቱ ጋር ደም የተፈላለጉበት ጊዜ ነው። ታዲያ በዚያ በር አልፈው የፊት ወንበር ላይ ሲቀመጡ እንዴት ዝም ይባላሉ? ይህን ጥያቄ የታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው አንስተውታል።

ክሱ በ1966 መጀመሪያ ሲሰማ በዐዚዝና በኸሊል ላይ አንድም የቁስ ማስረጃ አልቀረበም። አሻራ የለም፣ መሣሪያ የለም፤ ያለው የዓይን ምስክር ብቻ ነው፤ ምስክሮቹም እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። በመጨረሻ ሄየር ራሱ ተነስቶ እኔ ገድያለሁ፣ እነዚህ ሁለቱ ግን የሉበትም ሲል በመሐላ ቃሉን ሰጠ። አብረውት የነበሩትን ስም እንዲናገር ሲጠየቅ ግን እምቢ አለ። ዐቃቤ ሕጉም ጓደኞቹን ለማዳን የተሸረበ ዘዴ ነው ብሎ አጣጣለው፤ ዳኝነት የተሰጣቸው አሥራ ሁለት ሰዎችም ይህንኑ ተቀበሉ። በማርች ወር ሦስቱም ጥፋተኛ ተባሉ፣ በኤፕሪል ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው።

በአገራችን ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚያውቅ ሰው ማስረጃ የማምጣት ግዴታው የከሳሹ መሆኑን ያውቃል። የኒው ዮርክም ሕግ በወረቀት ላይ ይኸው ነበር። እንዲያውም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከግድያው ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1963፣ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹን ነጻ ሊያወጣ የሚችል ማስረጃ በእጁ ካለ ለተከሳሹ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ውሳኔ አሳልፎ ነበር።

ታዲያ ምን ተደበቀ? ይህ የታወቀው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አንደኛ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ከማልኮም ጠባቂዎች መካከል ሰርጎ የገባ ሲሆን ማልኮም ሲወድቅ ትንፋሽ ሊዘራበት የሞከረውም እርሱ ነው። በችሎቱ ላይ ይህ አልተገለጸም። ሁለተኛ፣ ዴይሊ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ ዘጋቢ ማልኮም ሊገደል ነው የሚል ጥቆማ ከግድያው በፊት ደርሶት እንደነበር የፖሊስ ሰነድ ያሳያል። ሦስተኛና ዋነኛው፣ በኤፍ ቢ አይ ፋይሎች ውስጥ ሌሎች ተጠርጣሪዎችን የሚያመለክቱ መግለጫዎች ነበሩ። ጠመንጃ የያዘውን ሰው ያዩ ምስክሮች የገለጹት መልኩ የጠቆረ፣ ደንዳና፣ ጢማም ሰው ነው። ጠመንጃውን ይዟል የተባለው ኸሊል ኢስላም ግን ቀላ ያለና ጢም የሌለው ነበር! ከዚህም በላይ ኤድጋር ሁቨር ይመራው የነበረው ያ ቢሮ የራሱ መረጃ አቀባይ የሆኑ ምስክሮች ይህን ማንነታቸውን ለፖሊስም ለዐቃቤ ሕግም እንዳይናገሩ አዟል። በእኛ አስተያየት ከዳንሱ ድግስ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው። ቸልተኝነት አንድ ነገር ነው፤ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበትን ወረቀት እያወቁ መቆለፍ ግን ሌላ ነው።

በ1977 እና በ1978 ሄየር እንደገና ቃሉን በጽሑፍ ሰጠ። በዚህ ጊዜ ዝም አላለም። በኒው ጀርሲ ኒዋርክ ከተማ ከነበረው የድርጅቱ መስጂድ የመጡ አራት ግብረ አበሮቹን ጠቀሰ። ዊሊያም ከንስለር የተባሉት ታዋቂ ጠበቃ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አመለከቱ። ዳኛው አልተቀበሉም። ከተጠቀሱት አራት ሰዎች አንዱም አልተከሰሰም። ሙሐመድ ዐዚዝ ሃያ ዓመት ታስሮ በ1985 በአመክሮ ተፈታ፤ ኸሊል ኢስላም በ1987። ሄየርም በ2010 ወጣ። ሁለቱ ከእስር ወጡ እንጂ ከስሙ አልወጡም፤ የማልኮም ገዳይ የሚለው ስም በየሄዱበት ተከተላቸው። ኸሊል በ2009 ወደ አኼራ ሄደ።

በ2020 በግድያው ላይ የተሠራ ተከታታይ ጥናታዊ ፊልም ከታየ በኋላ የማንሃተን ዐቃቤ ሕግ ሳይረስ ቫንስና የታሳሪዎቹ ጠበቆች ፋይሉን በጋራ ከፍተው 22 ወር መረመሩ። በሕይወት የተገኘ አንድ ምስክርም ተሰማ። ይህ ሰው በግድያው ቀን በሃርለሙ መስጂድ ስልክ ያነሳ የነበረ ሲሆን ዐዚዝ እንደደወለና መልሰው ወደ ቤቱ ስልክ ደውለው እንዳገኙት አረጋገጠ። ያን ጊዜ ሞባይል አልነበረም፤ የቤት ስልክ ያነሳ ሰው ቤቱ ነው።

ኖቬምበር 18 ቀን 2021 ፍርድ ቤቱ የሁለቱን ፍርድ ሰረዘ። ዐቃቤ ሕጉ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። አዛውንቱ ሙሐመድ ዐዚዝ በዚያን ጊዜ 83 ዓመታቸው ነበር፤ ንጹሕ መሆናቸውን ለማወቅ ፍርድ ቤት፣ ዐቃቤ ሕግም ሆነ ወረቀት እንደማያስፈልጋቸው ለችሎቱ ተናገሩ። በ2022 የኒው ዮርክ ከተማ 26 ሚሊዮን፣ ክፍለ ግዛቱ ደግሞ 10 ሚሊዮን ዶላር ለእርሳቸውና ለኸሊል ወራሾች ሊከፍሉ ተስማሙ።

እውነተኞቹን ገዳዮች ለመክሰስ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ፖሊሶቹና ምስክሮቹ አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ሄየር ጠመንጃውን ይዞ ነበር ያለው ሰው በ2018 ሞቷል። በኮት ተጠቅልሎ የተገኘው ጠመንጃም በአዲስ ዘዴ ሊመረመር ሲፈለግ የለም። የማልኮም ሴቶች ልጆች በኖቬምበር 2024 በኤፍ ቢ አይ፣ በሲ አይ ኤ እና በኒው ዮርክ ፖሊስ ላይ የ100 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሥርተዋል። ማልኮም ሲገደል ከሴቶች ልጆቹ መካከል ሁለቱ ገና አልተወለዱም ነበር።