የተሽከርካሪ ማሻሻያና የአምራች ዋስትና በአርሲ ደጋ

የአምራች ዋስትና፣ በተለምዶ ጋራንቲ፣ አዲስ ተሽከርካሪ ወይም የእርሻ መሣሪያ ከፋብሪካ ይዞት በወጣው ጉድለት ሲበላሽ አምራቹ በወኪሉ በኩል ያለ ክፍያ ለመጠገን የሚገባው ግዴታ ነው። ለመኪና በዓመትና በኪሎ ሜትር፣ ለትራክተርና ለኮምባይነር ደግሞ በወራትና በሥራ ሰዓት ይለካል። ባለቤቱ ከግዢ በኋላ የሚያደርገው ለውጥ፣ ለምሳሌ ባሌስትራ መደረብ፣ የነዳጅ ፖምፓ መክፈት፣ ጎማ በትልቅ መቀየር ወይም ሽቦ መቀጠል፣ ይህን ግዴታ ሊያጠብበው ይችላል። ዋናው ጥያቄ ግን ለውጡ የብልሽቱ ምክንያት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው።

አካባቢው

አሰላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። በስዊድን መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ማዕከሉን እዚህ ካደረገ ወዲህ ትራክተርና ኮምባይነር ለአርሲ ገበሬ እንግዳ አይደሉም። የአሰላ የግብርና ምሕንድስና ምርምር ማዕከልም በዚህ ዘርፍ ይሠራል። ስለዚህ በአርሲ የዋስትና ጉዳይ ከቤት መኪና ይልቅ የሚመለከተው የጭነት መኪናን፣ ትራክተርንና ኮምባይነርን ነው።

ከፍታውና ፖምፓው

በአሰላ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ያንሳል፤ ወደ በቆጂ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል። ዳገት ላይ የደከመበት ሹፌር ወደ ጋራዥ ገብቶ «ፖምፓውን ክፈትልኝ» የሚለው ለዚህ ነው።

በሜካኒካል ፖምፓ ላይ ከፍተኛውን የነዳጅ መጠን የሚወስነው ብሎን በፋብሪካ በእርሳስና በቀጭን ሽቦ ይታሸጋል። መካኒኩ ማሸጊያውን በጥሶ ብሎኑን ሲያዞር ነዳጁ ይጨምራል፤ አየሩ ግን ያው ነው። የተረፈው ነዳጅ ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል፣ የጭስ ማውጫው ሙቀት ያሻቅባል፣ ፒስቶንም እስከ መቅለጥ ሊደርስ ይችላል። የወኪሉ ባለሙያ ሞተሩን ከመፍታቱ በፊት ያንን ማሸጊያ ያያል። በኮምፒውተር በሚመሩ አዳዲስ ሞተሮች ላይም የተቀየረ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ አሻራ ይተዋል።

ይሁን እንጂ የተበጠሰ ማሸጊያ ብቻውን ፍርድ መሆን የለበትም። ሁሉም ፒስቶኖች በሙቀት ተጎድተው ከተገኙ ከመጠን ያለፈ ነዳጅ ይጠረጠራል። አንዱ ብቻ ተበስቶ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ ግን የዚያ ሲሊንደር ኖዝል መመርመር አለበት፤ እሱ የፋብሪካ ጉድለት ሊሆን ይችላልና።

ጭነትና ባሌስትራ

በጭነት መኪና የተለመደው ለውጥ ተጨማሪ ባሌስትራ መደረብና የካሶኒውን ግድግዳ ከፍ ማድረግ ነው። የተደረበው ባሌስትራ መኪናው ሲጫን እንዳይዘቅጥ ያደርጋል እንጂ አክሱን፣ ኩሽኔታውን፣ ፍሬኑንና ሻንሲውን አያጠነክርም። ስለዚህ አክስ ሲሰበር ወይም ሻንሲ ሲሰነጠቅ ወኪሉ ዋስትናውን ቢከለክል አሳማኝ ምክንያት አለው። የዚያው መኪና ዲናሞ ቢቃጠል ግን ባሌስትራው ከዲናሞው ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ባለቤቱ ጥያቄውን አጥብቆ ማቅረብ ይገባዋል። ሽቦ ተቀጥሎ ፖውዛ ወይም ሌላ መሣሪያ ተገጥሞ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ የሚያጠያይቀው ዲናሞውና የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው።

ሕጉ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ስለ ዕቃው ጉድለት ያለበትን ኃላፊነት ይደነግጋል። ለመደበኛ አገልግሎቱ ወይም ለንግድ ሥራ የሚፈለገው ጥራት የሌለው ዕቃ ጉድለት እንዳለበት ይቆጠራል። ገዢው ዕቃውን መመርመርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲያስለውጥ ወይም ገንዘቡን እንዲያስመልስ ይፈቅዳል፤ በውል የተሰጠ የተሻለ ዋስትና ካለም አይነካበትም።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣችው የማግኑሰን ሞስ ሕግ አምራች ዋስትናውን በራሱ ስም በሚሸጥ መለዋወጫ ብቻ እንዳያስር በመርሕ ይከለክላል። በአገራችን ክርክሩ በዋናነት የሚያርፈው በጠቅላላው የሽያጭ ሕግና በዋስትና ደብተሩ ቃል ላይ ስለሆነ ደብተሩን ከመፈረም በፊት ማንበብ ግድ ነው።

የርቀት ችግር

ብዙ የዋስትና ደብተሮች ሰርቪስም ሆነ ጥገና በተፈቀደለት ጋራዥ እንዲደረግ ይጠይቃሉ። ኮምባይነር ግን የሚሰበረው አጨዳ መሐል ነው። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ሳያገኘው መነሳት አለበት፤ ባለሙያው ከአዳማ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪደርስ መጠበቅ ለባለመሣሪያውም ለገበሬውም ኪሳራ ነው። ስለዚህ የተሰበረው እዚያው ይበየዳል፣ ያልተገኘው ዕቃ በተመሳሳይ ይተካል። ይህን ጥገና እንደ ማሻሻያ ቆጥሮ ዋስትናን መንፈግ ተገቢ አይደለም። በስንዴ አገር ማሽን የሚሸጥ ወኪል በአጨዳ ወቅት ባለሙያና መለዋወጫ ወደ አሰላ ማቅረብ፣ ካልቻለም የአስቸኳይ ጥገና ፈቃድ በስልክ ሰጥቶ በጽሑፍ ማጽናት ይኖርበታል።

የኤሌክትሪክ መኪና

የአርሲው ተወላጅ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተው ማራቶን ሞተር እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ አበባ የሀዩንዳይ መገጣጠሚያ ከፈተ፤ በ2020ም የኤሌክትሪክ መኪና ገጣጥሞ አወጣ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ በኋላ የዚህ ዓይነት መኪና ቁጥር ጨምሯል። በወኪል የተሸጠና ነጋዴ ከውጭ ገዝቶ ያስገባው ግን በዋስትና እኩል አይደሉም፤ ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ መኪና የአምራቹ ዋስትና ብዙውን ጊዜ ተከትሎት አይመጣም። የባትሪ ሳጥን መክፈትም ሆነ ከባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ መቀጠል ለሕይወትም ለዋስትናም አደገኛ ነው።

የባለቤቱ ማስረጃ

ለውጥ ከማድረግ በፊት የወኪሉን ፈቃድ በጽሑፍ መጠየቅ፣ የሰርቪስና የመለዋወጫ ደረሰኞችን መያዝ፣ የተፈታውን ዕቃ አለመጣልና ብልሽት ሲመጣ ሞተሩ ሳይፈታ ፎቶ ማንሳት ባለቤቱን ይጠብቃሉ። ሞተር ወይም ቀለም ሲለወጥ ደግሞ ሊብሬው አብሮ መስተካከል አለበት። ወኪሉ ዋስትና ሲከለክል የትኛው ለውጥ የትኛውን ክፍል እንዴት እንዳበላሸ በጽሑፍ እንዲገልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያ ደብዳቤ በገለልተኛ ባለሙያ ሊመረመር፣ ፍርድ ቤትም ሊቀርብ ይችላል፤ በቃል የተነገረ «ጋራንቲህ ፈርሷል» ግን ለክርክር መነሻ እንኳ አይሆንም።