ፎቶው መጣ ወይስ አድራሻው?

እህ በሉኝማ! ወሬው ከዋግ ነው፤ ከጋዝጊብላ፣ ከአስከተማ። ባለታሪኩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ የገጠመውን ግን ኢሜይል የሚልክ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ወሩ ጥር ነው። ገበሬው ዶማና አካፋውን ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ተራራ ወጥቷል። የግብርና ባለሙያውም አብሮ ወጣና አዲስ የተካበውን እርከን ከላይም ከታችም ስድስት ፎቶ አነሳው። ማታ ቢሮው ገብቶ ሪፖርቱን ላፕቶፑ ላይ በኢሜይል ጻፈ። ፎቶዎቹንም በጽሑፉ መሀል በየቦታቸው አስገባ። ኔትወርኩ ብቅ እስኪል ጠበቀ፤ ብቅ ሲል ወደ ሰቆጣ ላከውና እፎይ ብሎ ተኛ።

ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«ወንድሜ፣ ሪፖርትህ ደርሶኛል። ‹ከታች በፎቶው እንደሚታየው› ትላለህ። እኔ ከታች የማየው ባዶ ሳጥን ነው።»

«ኧረ እኔ ጋ ይታያል!»

«አንተ ጋ ይታያላ! የላክኸው ለእኔ አይደለም እንዴ?»

ባለሙያው ላፕቶፑን ከፈተ። እርከኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደግሞ ላከው፤ ደግሞ ባዶ ሳጥን። ኔትወርኩን ረገመ፣ ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ላከ። ሰቆጣ አሁንም ሳጥን ቆጠረ። ይኼኔ የአይሲቲዋን ልጅ ጠራት።

ልጅቱ ላፕቶፑን ከመንካቷ በፊት ጥያቄ ጀመረች። «ጋሼ፣ እስቲ ይደውሉላቸው። ሌላ ሰው በሚልክላቸው ኢሜይል ላይ ፎቶ ይታያቸዋል?» ተደወለ፤ ይታያቸዋል። የሰቆጣ ኔትወርክና የተቀባዩ ስልክ ከክሱ ነፃ ወጡ። «መልእክቱ ስፓም ውስጥ ነው የገባው? ‹ምስሎችን አሳይ› የሚል ነገርስ ከላይ ተጽፏል?» ሁለቱም የለም፤ ያለው የተሰበረ ፎቶ ምልክት ብቻ ነው። እንግዲያው ተቀባዩ ጋ የከለከለው ነገር የለም። «አሁን የላኩትን በራስዎ ስልክ ይክፈቱት።»

ከፈተው። ላፕቶፑ ላይ ያለው እርከን ስልኩ ላይ የለም! በገዛ ኢሜይሉ፣ በገዛ እጁ፣ ስድስት ባዶ ሳጥን።

ልጅቱ ሳቅ አለች። «ጋሼ፣ ፎቶው መች ሄደና! የሄደው አድራሻው ነው።»

ምን ማለቷ እንደሆነ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ኢሜይል ሲፈጠር መንገዱ የተጠረገው ለፊደል ብቻ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ተቋም በፊዶኔት አማካይነት ኢሜይል ያመላልስ ነበር፤ መልእክቱ ይጠራቀምና በስልክ መስመር ይሄዳል። አገራችን ኢንተርኔት የገባው በ1997 ነው። በዚያው በፓዲስ ዘመን፣ በማርች 11 ቀን 1992፣ ናትናኤል ቦረንስታይን የተባለ አሜሪካዊ እሱና ሦስት ጓደኞቹ አብረው የሚዘፍኑበትን ቡድን ፎቶና ዜማ በኢሜይል አያይዞ ላከ። በዚህም ማይም የሚባለው ደንብ ሥራ ጀመረ። ደንቡ ብልጥ ነው፦ መንገዱ ፊደል ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ፎቶውን ወደ ፊደል እንለውጠው አለ። ሦስቱ ባይት አራት ፊደል ይሆናል፤ ጭነቱ በሲሶ ይጨምራል፤ ደርሶ መልሶ ፎቶ ይሆናል።

በኋላ ሌላ መንገድ መጣ። ፎቶውን አትላከው፤ ያለበትን ቦታ ጻፍና ተቀባዩ ራሱ ያምጣው ተባለ። አንዱ የዋግ ማር በመኪና ጭኖ ይልክላችኋል፤ ሌላው ‹ማሩ እገሌ ቤት አለ፣ ሄዳችሁ ውሰዱ› ብሎ ወረቀት ይልክላችኋል። እንግዲህ ፎቶ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው፦ ፎቶው መጣ ወይስ አድራሻው?

ልጅቱ ባዶውን ሳጥን ነክታ አድራሻውን አወጣችው። ‹ፋይል› ብሎ ይጀምርና ወደ ላፕቶፑ ሲ ድራይቭ ይገባል። ፎቶው ሲገባ ‹ከመልእክቱ ጋር አያይዝ› የምትለዋ ምልክት ተነስታ ኖሯል። ላፕቶፑ አድራሻውን ሲያነብ የራሱ ቤት ነውና ፎቶውን ያገኘዋል። የሰቆጣው ስልክ ግን የአስከተማን ሲ ድራይቭ ከየት ያምጣው? ባለሙያው ‹እኔ ጋ ይታያል› የሚለው ቃሉ መከላከያ መስሎት ነበር፤ ለካ ዋናው ማስረጃ እሱው ነው።

ባለሙያው ግን እልኸኛ ነው። «ጎግል ድራይቭ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ሊንኩን በቦታው አስገባለሁ» አለ። አስገባ፤ ላከ። ባዶ! ፎቶው ለባለቤቱ ብቻ ተቆልፏል፤ ቢከፈትም ሊንኩ የሚያደርሰው ፎቶውን ወደሚያሳይ ገጽ እንጂ ወደ ፎቶው አይደለም።

«ደግሞም ጋሼ፣ አድራሻው ትክክል ቢሆንስ? አንዳንድ የኢሜይል ፕሮግራም ካልተፈቀደለት በቀር ከውጭ ፎቶ አያመጣም።»

«ለምን ይከለክላል? ፎቶ ምን ያደርገዋል?»

«ወሬ ያቀብላል! ፎቶው ሲመጣ ሰርቨሩ ማን፣ መቼ እንደከፈተው ይመዘግባል። ነጋዴዎች ለዐይን የማትታይ የአንድ ፒክስል ፎቶ የሚያስገቡት ለዚህ ነው።»

እውነቷን ነው። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2013 ጀምሮ ፎቶውን በራሱ ሰርቨር በኩል አምጥቶ ያሳያል፤ አፕልም በ2021 የኢሜይል መከለያ ያመጣው ይህን ወሬ አቀባይ ለማደናገር ነው።

አሁን ወደ ዋግ ተመለሱልኝ። እዚያ ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። ፎቶው በመልእክቱ ውስጥ ካለ ኔትወርኩ አንዴ ብቅ ባለበት ሁሉም አንድ ላይ ሊወርድ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ቢጠፋም ሪፖርቱ ይነበባል። አድራሻ ብቻ ከሆነ ግን ኔትወርክ ሁለት ጊዜ ይለመናል፦ መልእክቱ ሲወርድና መልእክቱ ሲከፈት። አዲስ አበባ ለተቀመጠ ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው። ተራራ ላይ ላለ ሰው በሁለቱ መካከል አንድ ቀን ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ፎቶዎቹ በመልእክቱ ውስጥ ይሂዱ ተባለ። ምልክቷ ተመለሰች፤ ላክ ተባለ፤ አሁን ደግሞ አልሄድም አለ! እያንዳንዱ ፎቶ 5 ሜጋባይት፣ ስድስቱ 30። ጂሜይል ለአባሪ የሚፈቅደው እስከ 25 ነው፤ የፊደሉ ሲሶ ሲጨመርበት ደግሞ 40 ይደርሳል። ልጅቱ ፎቶዎቹን ረጅም ጎናቸው 1200 ፒክስል እንዲሆን አሳነሰቻቸው። እያንዳንዱ ወደ 300 ኪሎባይት ወረደ፤ ስድስቱ ከነሲሷቸው ሁለት ሜጋባይት ተኩል አይሞሉም። እርከኑም፣ ድንጋዩም፣ የገበሬው ዶማም እንደ ልብ ይታያሉ።

«ጋሼ፣ አሁንም ወደ ሰቆጣ አይላኩት። መጀመሪያ ለራስዎ ይላኩና በስልክዎ ይክፈቱት። ስልክዎ ላይ ከታየ ፎቶው ከቤት ወጥቷል ማለት ነው።»

ለራሱ ላከ፤ ስልኩ ላይ ታየ። ወደ ሰቆጣ ላከ።

ብዙም አልቆየ፣ ስልኩ ጮኸ።

«ወንድሜ፣ ስድስቱም ታዩኝ!»

«ተመስገን!»

«ሦስተኛው ላይ እርከኑ ወደ ግራ ተንሸራቷል። የውሃ ልኩን ማን ነበር የያዘው?»