ቡሉግ በኪታቦቻችን ውስጥ



በአንድ የረመዷን ሌሊት ከተራዊሕ በኋላ አንዲት እህት መስጂድ በር ላይ ጠበቀችኝ። የ12 ዓመት ልጇ የመጀመሪያውን ደም ስታይ በሽታ መስሏት፣ ሦስት ቀን ሙሉ እየጾመችና እየሰገደች ደብቃ ስታለቅስ መክረሟን ነገረችኝ። «ኡስታዝ፣ እኔንም እናቴ አልነገረችኝም፤ ምን ብዬ ልጀምርላት? ይህንን የሚያስተምር የኛ መጽሐፍ አለ ወይ?» ስትል ጠየቀች።

አዎን፣ አለ። ታሪኩም ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ይጀምራል።

ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ሴት ልጅ በሕልሟ ፈሳሽ ብታይ መታጠብ ይኖርባት እንደሆነ መልእክተኛውን (ሰ.ዐ.ወ) በግልጽ ጠይቃለች። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ) ስለማይቋረጥ ደም ጠይቃለች። ዐሊይ (ረ.ዐ) የነቢዩ አማች በመሆኑ ቢያፍር፣ ሚቅዳድን (ረ.ዐ) ልኮ አስጠይቋል። ሐያእ ከኢማን ነው፤ ሆኖም ማንንም ከዕውቀት አላገደም። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነችው በዚሁ ነው።

የዕድሜው ወሰንም የራሱ ታሪክ አለው። ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ ዘመቻ 14 ዓመቱ ስለነበር አልተፈቀደለትም፤ በኸንደቅ ግን 15 ሞልቶት ተፈቀደለት። ይህንን ናፊዕ ለኸሊፋው ዑመር ኢብን ዐብዱል ዐዚዝ ባወራው ጊዜ፣ ኸሊፋው በልጅና በአዋቂ መካከል ያለው ወሰን ይህ ነው ብሎ ለሹሞቹ ጻፈ።

ከዚያም ጉዳዩ ወደ ኪታብ ገባ። ኢማም አል ቡኻሪ (በ256 ዓ.ሂ የሞቱት) በሶሒሓቸው ውስጥ ለትጥበትና ለሐይድ ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች ሰጥተዋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሐድረመውቱ ሸይኽ ሳሊም ኢብን ሱመይር ያዘጋጁት ትንሿ «ሰፊነቱን ነጃህ» ደግሞ ከኢስላምና ከኢማን ማዕዘናት ቀጥሎ፣ ገና ውዱእ ሳይነሳ፣ የቡሉግን ሦስት ምልክቶች ታስቀምጣለች፦ 15 ዓመት መሙላት፣ ከ9 ዓመት በኋላ ለወንድም ለሴትም ኢሕቲላም፣ ለሴት ደግሞ ከ9 ዓመት በኋላ ሐይድ። ዓመቱ የሚቆጠረው በጨረቃ ነው።

ይህችን ኪታብ በሀገራችንም ብዙ ደረሳ ቀርቷታል። እኔም ቀርቻታለሁ። ያ ምዕራፍ ሲደርስ ግን ሸኻችን በጥድፊያ ተርጉመው አለፉት፤ እኛም አንገታችንን ደፋን። እህቶቻችን ደግሞ ከነጭራሹ በሐለቃው አልነበሩም። ኪታቡ ያላፈረበትን ነገር እኛ አፈርንበት። ዐረብኛውም ለእናቶች ሳይተረጎም ቀረ።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችሁ 9 ዓመት ሲሆናቸው ይህንን ምዕራፍ በአማርኛ አብራችሁ አንብቡ፤ እናት ለሴቷ፣ አባት ለወንዱ። የትምህርት ቤቱ የሳይንስ መጽሐፍ አካሉ እንዴት እንደሚለወጥ ያስረዳል፤ የኛ ኪታብ ትጥበቱን፣ ሶላቱንና ጾሙን ያስተምራል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። በሻፊዒይ መዝሀብ የሐይድ ትንሹ አንድ ቀንና ሌሊት፣ የተለመደው 6 ወይም 7፣ ትልቁ 15 ቀን ነው። ይሁንና ደሙ ከሳምንት ካለፈ ወይም ሕመሙ ከበረታ 15 ቀን ሳትጠብቁ ልጅቷን ወደ ሐኪም ውሰዱ። በ15 ዓመቷ የወር አበባ ካላየችም እንዲሁ።

ለዚያች እህት የሰጠኋት መልስ ይህ ነው፦ ልጅሽ ሦስቱን ቀን ጾም ቀዷ ታውጣ፤ ሶላቱን ቀዷ አታወጣም። ሳታውቅ በማድረጓ ወንጀል የለባትም። ቤት ስትደርሺ ከሁሉ አስቀድመሽ እቀፊያት፤ በሽታ አለመሆኑንም ንገሪያት። መንገር የነበረብን እኛ ነን።

አላህ የሚጠቅመንን ዕውቀት ያሳውቀን። ወላሁ አዕለም።