ገዝተን የማንሸጠው

መካኒሳ አቦ በሚገኘው ቤታችን፣ የእህቴ ልጅ ተጫውቶ የጨረሰውን የቪዲዮ ጌም ለጓደኛው ሊሸጥ ፈለገ። የዲስክ ጌሞቹን ሲሸጥና ሲለዋወጥ ኖሯል። ይህኛውን የገዛው ግን በኢንተርኔት ነበርና በእጁ ያለው ከስሙ ጋር የተቆራኘ ፈቃድ ብቻ ሆነ። «ታዲያ ምኑን ነው የገዛሁት?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው ለታሪካችን እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለሀብትነትን በግዙፍ ነገር ላይ ያለ ከሁሉ የሰፋ መብት ያደርገዋል፤ ባለሀብቱ ሊሸጥ፣ ሊሰጥ፣ ሊያወርስ ይችላል። ግዙፍነት የሌለው ጌም ከዚህ ትርጉም ውጭ ይቀራል። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርና የከተማ መሬትን ሲወርስ ደግሞ መሬት ከገበያ ወጣ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን አጸና። ባለይዞታና ባለቤት አንድ እንዳልሆኑ ያኔ ተምረናል።

ሕገ መንግሥቱ ግን ገደቡን በግልጽ ተናግሯል። የዲጂታል መደብሩ «ግዛ» የሚል ቁልፍ እያሳየ ገደቡን ማንም በማያነበው ውል ውስጥ ይቀብረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የፓሪስ ፍርድ ቤት ስቲም ከተባለው መደብር የተገዛ ጌም መልሶ ሊሸጥ ይችላል ብሎ ፈርዶ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው በ2022 ሻረው፣ ሰበር ሰሚውም በ2024 ሽረቱን አጸና። ካሊፎርኒያ በበኩሏ ከ2025 ጀምሮ ሻጩ የሚሰጠው ሊነሣ የሚችል ፈቃድ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ሳያሳውቅ «ግዛ» እንዳይል ከልክላለች።

ለልጁ የሰጠሁት መልስ «ተከራይተሃል እንጂ አልገዛህም» የሚል ነው። ይህን ግን ገንዘቡን ሳይከፍል በፊት ሊነግረው የሚገባው ሻጩ ነበር። የእኛም ሕግ አውጪዎች ቢያንስ ይህን ግዴታ ይደንግጉልን።