ስለ ኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማና ስለ ጎረቤቶቿ

ሰንደቅ በትሩ ነው፤ ዓላማ በበትሩ ላይ የሚሰቀለው ምልክት ነው። ባንዲራ የሚለው ስም ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ሰውም የጠላቱን ጨርቅና የራሱን ባንድ ስም ሲጠራ መኖሩ ያስገርማል። በኦሪት ዘኍልቍ እስራኤል እያንዳንዱ በአባቱ ቤት ዓላማ ሥር እንዲሰፍር የታዘዘው ለጌጥ አይደለም፤ ብዙ ነገድ ባንድ በረሓ ሲሰፍር የይሁዳ ሰው ወገኑን አይቶ እንዲሰበሰብ፥ የሮቤልም ድንኳን የራሱ መስሎት እንዳይገባ ነው። ስለዚህ የዓላማ ሥራው ሁለት ነው፤ የራስን ሰው መሰብሰብ አንድ፥ ከጎረቤት መለየትም ሌላ። ስለ ኢትዮጵያ ዓላማ የሚናገሩ ሰዎች የመጀመሪያውን አብዝተው ያመሰግናሉ፤ ሁለተኛውን ግን ብዙ ጊዜ ሳያነሡት ያልፋሉ።

ሦስቱ ቀለማት አስቀድሞ ለየብቻቸው ይሰቀሉ ነበረ። ከዓድዋ ድል በኋላ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1890 ዓ.ም. ባንድ ጨርቅ ላይ ተያይዘው የመንግሥት ዓላማ ሆኑ። በመጀመሪያ ቀዩ ከላይ ነበረ፤ አረንጓዴው ወደ ላይ የወጣው ኋላ ነው። መምህራን ለኖኅ ከተሰጠው ቃል ኪዳን ጋራ አያይዘው በቀስተ ደመና ይመስሉታል፤ አንድም አረንጓዴው ልምላሜና ተስፋ፥ ቢጫው ሃይማኖት፥ ቀዩ ስለ አገር የፈሰሰ ደም ነው ይላሉ።

ይህ ዓላማ በምዕራብ ጎጃም አምስት ዓመት ያህል ከየከተማው ወርዶ ነበረ። በቡሬ ምሽግ ላይ ይታይ የነበረው የኢጣልያ ዓላማ ነው። የኢጣልያም ዓላማ አረንጓዴና ቀይ ያለው ሲሆን፥ በኢትዮጵያ ቢጫ ቦታ ነጭ ገብቶበታል፤ ቀለማቱም የተሰለፉት በቁም ነው። የአገሩ አርበኞች እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀንበሬ፥ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በዱር ሲዋጉ የቆዩት፥ ሁለት ቀለም ቢመሳሰል ሁለት መንግሥት አንድ እንደማይሆን ዐውቀው ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ በቃና ዘገሊላ ዕለት፥ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ ድንበር ተሻገሩ፤ ሰንደቅ ዓላማውንም በዚያ ሰቀሉ። ከዚያ በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ደጋ የወጣው ጦር ብዙ አልነበረም። የእንግሊዙ አዛዥ ዊንጌት ከመጽሐፈ መሳፍንት ወስዶ የጌዴዎን ጦር ብሎ የሰየመውም ስለዚህ ነው። በበረሓው መንገድ በሺሕ የሚቈጠሩ ግመሎች አለቁ። የሆነ ሆኖ በቍጥር እጅግ የሚበልጠው የጠላት ጦር የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ፤ መጋቢት 28 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በቡሬና በደምበጫ መካከል ያለችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን የግዕዝ ስም ያገኘችው ከዚሁ መመለስ ጋራ ተያይዞ ነው እየተባለ ይነገራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው ልብ ያላለው አንድ ነገር አለ። ከኢትዮጵያውያን ወታደሮች ጋራ ያንን ዓላማ እስከ ቡሬ ያደረሱት የሱዳን ወታደሮች ናቸው፤ እነርሱ ግን በዚያ ጊዜ የራሳቸው ዓላማ አልነበራቸውም። ከ1891 ዓ.ም. ስምምነት ጀምሮ በካርቱም ጎን ለጎን ይሰቀሉ የነበሩት የእንግሊዝና የግብፅ ዓላማዎች ናቸው። ያለ ዓላማ የሚኖር ሕዝብ ልጅ የጎረቤቱን ዓላማ ሊመልስ በውኃ ጥም ተጓዘ፤ ለዚህም ውለታ በጎጃም የቆመለት መታሰቢያ ሲነገር አይሰማም።

ሱዳን ነፃ በወጣች ጊዜ፥ ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም.፥ የሰቀለችው ዓላማ ሰማያዊ፥ ቢጫና አረንጓዴ ነበረ። ቢጫው ምድረ በዳውን፥ አረንጓዴው እርሻውን ሲያመለክት፥ ከሁሉ በላይ ያለው ሰማያዊ ዓባይን ያመለክት ነበረ። ምንጩም በሰከላ፥ በግሽ ዓባይ ነው። እንግዲህ ከኢትዮጵያ ጋራ ሁለት ቀለም የሚጋራው የዚያ ዓላማ ራሱ የጎጃም ውኃ ነበረ ማለት ነው። ነገር ግን በ1962 ዓ.ም. ይህ ወርዶ፥ እንደ ግብፅና እንደ ሌሎቹ ዓረቦች ዓላማ ቀይ፥ ነጭና ጥቁር፥ ከአረንጓዴ ጋራ ተተካ። የዓባይ ምልክትም በዚያው ቀረ። መንግሥት ወዳጁን ሲመርጥ በጨርቁ ያስታውቃል።

የሌሎቹም ጎረቤቶች ነገር እንዲሁ ነው። ሶማሊያ በ1947 ዓ.ም. ከተባበሩት መንግሥታት ቀለም ሰማያዊውን ወስዳ፥ አምስት ጫፍ ያለው ነጭ ኮከብ አኖረችበት። አምስቱ ጫፎች ሶማሌ የሚኖርባቸው አምስት አገሮች ሲሆኑ አንደኛው ኦጋዴን ነው፤ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. የፈሰሰው ደም አስቀድሞ በዚያ ኮከብ ላይ ተጽፎ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ኬንያ ጥቁር፥ ቀይና አረንጓዴ አደረገች፤ ጂቡቲም ደቡብ ሱዳንም የየራሳቸውን መረጡ። ከኢትዮጵያ ጋራ ድንበር ከሚገናኙት አገሮች ሦስቱን ቀለማት ብቻ ወስዶ ዓላማው ያደረገ አንድም የለም።

የወሰዱትስ የሩቆቹ ናቸው። ጋና የካቲት 27 ቀን 1949 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ቀዩን፥ ቢጫውንና አረንጓዴውን ወስዳ ጥቁር ኮከብ ጨመረችበት፤ ጊኒ፥ ማሊ፥ ሴኔጋል፥ ካሜሩን፥ ቤኒን፥ ኮንጎ ብራዛቪልም በዚያው ዘመን በእነዚሁ ቀለማት ተጠሩ። በቅኔ ቋንቋ ሰሙ ተሻገረ፥ ወርቁ ግን በየአገሩ ሌላ ሆነ፤ የጋና ቢጫ ሃይማኖት ሳይሆን ከምድሯ የሚወጣው ወርቅ ራሱ ነውና። ቦሊቪያ ደግሞ እነዚህኑ ሦስት ቀለማት ከምኒልክ አዋጅ በፊት፥ በ1844 ዓ.ም. ይዛቸዋለች፤ ከኢትዮጵያ ጋራ ምንም ዝምድና የላትም።

የሩቁ የወሰደውን የቅርቡ የተወበት ምክንያት አይሰወርም። ለሩቁ ኢትዮጵያ ድል ያደረገች የጥቁር ሕዝብ አገር ናት፤ ስሟን ይሰማል እንጂ ግብሯን አይከፍልም፥ በድንበሯም ላይ አይከራከርም። ለቅርቡ ግን ሠራዊትና ጉምሩክ ያላት መንግሥት ናት።

ይህ ከሁሉ ይልቅ በኤርትራ ታይቷል። በ1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽን ሲሆን ኤርትራ ሰማያዊ መደብ ላይ የወይራ ቅጠል ያለበት ዓላማ ነበራት፤ ከኢትዮጵያ ዓላማ ጋራ አብሮ ይሰቀል ነበረ። በታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. የኤርትራ ምክር ቤት ያ ዓላማ እንዲወርድ ወሰነ፤ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ራሱ ፈረሰ። አንድነት በዚህ የሚጸና መስሏቸው የነበሩት ተሳስተዋል፤ ሁለት ዓላማ ጎን ለጎን መሰቀሉ አንድነትን አላፈረሰም ነበርና፥ የወረደው ግን ለሠላሳ ዓመት ጦርነት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሆነ። ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃነቷን ስታውጅ የወይራው ቅጠል በአዲሱ ዓላማ ላይ ተመለሰ፤ በአረንጓዴ፥ በቀይና በሰማያዊ መደብ ላይ በቢጫ ቀለም ተሥሎ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1988 ዓ.ም.፥ ቀድሞ አንበሳ ይሣልበት በነበረው በኢትዮጵያ ዓላማ መካከል ሰማያዊ ክብና ቢጫ ኮከብ ገባ። በግዕዝ የሚቀድሱት ሁለቱ አገሮች ከተለያዩ በኋላ በዓላማቸው ላይ ያሉት ዋናዎቹ ቀለማት እነዚያው አራቱ ሆኑ፤ አረንጓዴ፥ ቢጫ፥ ቀይና ሰማያዊ።