ባለ 12 ፌሮ

ቤት ሠርቶ የማያውቅ ሰው ብረትን የሚያውቀው በዋጋው ብቻ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሁለት ክፍል ቤት ልሠራ ተነስቼ የገዛሁትን ፌሮ ከአይሱዙ ላይ ሲያወርዱ አንድ ሽማግሌ ፌራዮ አንዱን ቤርጋ መሐሉ ላይ ይዘው ነቅነቅ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ይሄ ባለ 12 አይደለም። ስሙ ብቻ ነው» አሉኝ። አላመንኳቸውም። ደረሰኙ 12 ይላላ!

እኚህ ሰው አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ታሪክ ነው የሚወጣው። ፌሮ፣ ስታፋ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ላሜራ፣ የሙያቸው ስም ሳይቀር የጣሊያን ቃል ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ቃሉ ግን ከነሲሚንቶው ደርቆ ቀረ። ከዚያ በፊትማ አብዛኛው ሰው የቤቱን ግድግዳ በልጥና በጠፍር ያስር ነበር እንጂ መች ምስማር ይመታ ነበር? ምስማር በሰፊው የለመድነው ከቆርቆሮ ጋር ነው።

ብረት ማቅለጥ ሳናውቅ ቀርተን ግን አይደለም። ማረሻውንም ጦሩንም ቀጥቃጩ ነው የሠራልን። ምን ብለን ከፈልነው? ቡዳ ብለን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ አያቴ ደጃፍ አልደረሰም መሰለኝ፤ ማረሻ ታሠራለች፣ ሠሪውን ግን ከደጇ አታሳልፈውም ነበር።

ዛሬ ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ ባለው መንገድ ብረት ፋብሪካው ብዙ ነው። ጥሬ ዕቃው ወይ ከውጭ የሚመጣ ቢሌት ነው፣ ወይ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ከየቤታችን የለቀመው ውራጅ ነው። ቢሌቱ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ይግልና በጥንድ በጥንድ በሚሽከረከሩ ጥቅል ብረቶች መሐል እየተጨመቀ ይቀጥናል፣ ይረዝማል። የመጨረሻው ጥንድ ሲሚንቶ የሚይዝበትን ጥርስ ያወጣለታል፤ ከዚያ ቀዝቅዞ በ12 ሜትር ይቆረጣል። ምስማር ደግሞ ከሽቦ ነው፤ ማሽኑ ሽቦውን ይቆርጣል፣ ጫፉን ያሾላል፣ ራሱን በምት ያደፍጠዋል።

ኮንክሪት ሲጫኑት ጀግና ነው፣ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። ስበቱን የሚችለው ፌሮው ነው። ፈረንሳዊው አትክልተኛ ጆሴፍ ሞኒየ በ1867 እ.ኤ.አ. ሽቦ የገባበት የሲሚንቶ አበባ ማሰሮ በስሙ አስመዝግቦ ነበር።

ወደ ደረሰኜ ልመለስ። ሽማግሌው እያሾፉ፣ «መዝነዋ!» አሉኝ። ሰፈር ካለ ወፍጮ ቤት ሚዛን ተዋስኩ። አንድ ባለ 12 ቤርጋ 10 ኪሎ ከ66 ግድም መመዘን አለበት። የኔው 9 ኪሎ እንኳ አልሞላም፤ ማለትም ባለ 11 ነው። አንድ ሚሊ ምን አላት እንዳትሉ። ጥንካሬው የሚቆጠረው በውፍረቱ ስፋት ስለሆነ ከመቶ 16 እጁ ሄዷል። ትክክለኛው ባለ 12 ከአንድ ቶን 94 ቤርጋ ያህል ይወጣዋል፤ የኔው ዓይነቱ 112 ገደማ። 18ቱን የበላው ማን ይሆን? ፋብሪካው ይሁን ነጋዴው አላውቅም። ሻጩ ዘንድ ብሄድ «አንዴ ከወጣ አይመለስም» ብሎ ሸኘኝ።

«አባቴ፣ በእጅዎ እንዴት አወቁት?» አልኳቸው።

«የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ ስታፋ እያጠፉ። «ድሮ ይሄን ለሰው አልናገርም ነበር።»

በየምሰሶው 4 ሊገባ የነበረውን ፌሮ 6 አደረጉት። ተጨማሪውን ብረት ራሳቸው መርካቶ ወርደው፣ እያንዳንዱን በእጃቸው እየነቀነቁ መረጡልኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ከአያቴ በወረስኩት መሶብ ቀረብን። እጃቸውን ታጥበው፣ መሶቡን ትንሽ አየት አድርገው ነው የተቀመጡት።