ለዓይን የማይወጣ በሬ

አንድ ጊዜ ባሕር ዳር የግብርና ኤግዚቢሽን ሲካሄድ አጎቴን ይዤው ገባሁ። ከዓባይ ማዶ ወዲያ የሚኖር ገበሬ ነው። በየድንኳኑ እየዞረ ማሩን ቀመሰ፣ ሽንኩርቱን አገላበጠ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተሩን ዋጋ ጠየቀና ዝም አለ። ከሰንጋዎቹ ፊት ሲደርስ ግን ቆመ።

«አያ፣ ያንተ በሬ ከዚህ ይበልጥ የለም እንዴ? ምነው ሳታመጣው?» አልኩት።

«እኔ ከብቴን ለዓይን አላወጣም» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደሞስ ማን እንደሚመዘግበው በምን አውቃለሁ?»

ቡዳ ፈርቶ መስሎኝ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ቁም ነገሩ ያለው በሁለተኛው አነጋገሩ ነው።

መቼም የከብት ትርዒት የገበሬ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1807 ኤልካና ዋትሰን የሚባል ሰው ፒትስፊልድ በምትባል ከተማ አደባባይ ሁለት የሜሪኖ በጎች አቁሞ አሳየ። ሕዝቡ ግር ብሎ ወጣ። በ1810 ጎረቤቶቹም ከብቶቻቸውን ይዘው መጡ። በ1841 የኒውዮርክ ግዛት ሲራኪዩስ ላይ የመጀመሪያውን ግዛት አቀፍ ትርዒት አዘጋጀ። ያሸነፈው ይሸለማል፤ የተሸነፈው የአሸናፊውን ዘዴ ጠይቆ ይሄዳል።

እኛ ዘንድ ነገሩ ከላይ ነው የጀመረው። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የንግሥ በዓል ሲከበር አዲስ አበባ ላይ የብር ኢዮቤልዩ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። በዚያው ዘመን ከኦክላሆማ የመጡ መምህራን ጅማና ዓለማያ ላይ ግብርና ያስተምሩ ነበር።

የጎጃም ገበሬ ግን ያኔ የሚያውቀው ተመልካች ሌላ ነው፤ ገማች። አሥራት ሲከፈል ገማቹ አዝመራው መካከል ቆሞ ምርቱን ይገምታል። ጤፍህ ካማረ ግብርህም ያምራል። በ1960 ዓ.ም. አሥራትን የሚተካ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊወሰድ ነው ያለው ጎጃሜ ሸፈተ። መንግሥት ጦር አዘመተ፣ በአውሮፕላን ደበደበ፤ አልሆነም። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። ያን ጊዜ ጫካ ከገቡት አንዱ አያቴ ነበሩ። አጎቴ ስንቅ ያመላልስ ነበር። እንግዲህ ይህን ሰው ነው «በሬህን አደባባይ አውጣ» የምለው።

ይሁንና መደበቁም ያስከፍላል። ከጣና ምሥራቅ ባለው ሜዳ በወተቱ የታወቀ የፎገራ ከብት አለ። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያውን ለማቆየት ሲደክም ኖሯል። ግጦሹን ግን ሩዝ ወሰደው (ሩዙም ስንቱን ቤት አቁሟል፤ አልፈርድም)፣ ከብቱም ከሌላ እየተዳቀለ ጥሩው ኮርማ የማን ግቢ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ኮርማህን ጎረቤትህ ካላየው ላሙን ወዴት ይነዳል?

ይህን ለአጎቴ በዚያው ቀን አላልኩትም፤ ጊዜም አልሰጠኝም። የሰንጋው ባለቤት አጠገብ ቁጭ ብሎ ስለ ፋጉሎ ይጠይቅ ጀመር። ስንት ሰፈረህ ትሰጠዋለህ? ጠዋት ነው ማታ? ውኃስ? ሰውየው ሳይሰስት ነገረው። ባለሥልጣኑ መድረኩ ላይ ወጥተው ንግግራቸውን ሲጀምሩ ሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተው የበሬውን ሽንጥ እየዳሰሱ ነበር።